የሙርዶክ ግድግዳ

ሽማግሌው ሙርዶክ በወጣትነታቸው ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር ሲያስገቡ ቄሱ እንኳ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ ይባል ነበር። በኬፕ ብረተን ደሴት፣ በዚያች የባሕር ዳር መንደር፣ እሳቸው ያልተጫወቱበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም። በስተርጅና ግን ከመጫወት ይልቅ መሰብሰብ ጣማቸው። የወጥ ቤታቸው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቫዮሊን ሆነና የግድግዳው ሰዓት መሬት ወርዶ ተቀመጠ። አንዱን ከሌላው እንዳላበልጥ እያሉም በየቀኑ ያቀያይራሉ።

የዚህ ሁሉ ውጤት አምና በመንደሩ አዳራሽ ታየ። ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት የቫዮሊኑ ክር ላልቶ ዜማው ተበላሸ፤ ጨፋሪውም እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራቸውም። አሁን ግን የልጅ ልጃቸው ሺና «አባባ፣ እርስዎ ካልተጫወቱ ቅዳሜ አላገባም» ብላ አፋጠጠቻቸው። ደስታውና ፍርሃቱ እኩል ያዛቸው።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ጎራ ሲሉ ዓይናቸው ከአንድ ቫዮሊን ላይ ተተከለ። እሱን ታቅፈው ሲዞሩ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ከኤፊ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ኤፊ ከተማ ገብታ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? ደግሞ ሌላ?»

«ዝም በይና ጀርባውን እዪው! የነብር ቆዳ አይመስልም? እንዲህ ያለ ዕቃ በዕድሜዬ አላየሁም። ለሠርጉ እግዜር ነው የላከልኝ!»

ሻይ የምትቀዳው ሞራግ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሙርዶክ፣ አበድክ እንዴ? ሚስትህ ኬቲ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እየጎተተች ለባዛሩ ያሰጠችህ ያንተው ዕቃ እኮ ነው!»

ባዛሩ በሳቅ ፈረሰ። የሙርዶክ ጆሮ ቀላ። ይፈረድባቸዋል፤ ሰው የገዛ ንብረቱን መለየት ካቃተው ንብረት አለኝ ማለቱ ለስሙ ነው። ሞራግም ለኤፊ «ውሰጂው፣ ለትምህርት ቤቱ ለአንዱ ተማሪ ይሁን» ብላ አስረከበቻት፤ ኤፊ አጎቷን እስከ ቤት ሸኘቻቸው።

ወጥ ቤት እንደገቡ ልጅቷ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ እነዚህ ከምድጃው በላይ ምን ይሠራሉ?»

«ከባሕሩ እርጥበት እንዲድኑ ነዋ! አባቴም እዚያው ነበር የሚሰቅለው።»

«አባትዎ የነበራቸው አንድ ነው። በየቀኑ ስለሚያነሡት ትንሽ ሲላቀቅ ወዲያው ያውቁ ነበር። እርስዎ የትኛውን አይተው የትኛውን ይተዋሉ? ይመልከቱ፤ ይኸኛው ጎኑ ተላቅቋል፣ ያኛው ሆዱ ተሰንጥቋል። እርጥበቱን ሲሸሹ እሳቱ እየበላቸው ነው።»

ሙርዶክ ደነገጡ፤ ግን እጅ መስጠት አልወደዱም። «ታዲያ ምን ልሁን? ልጆቼ ናቸው! ልጅ በዛ ተብሎ ይጣላል? ዓይኔን ጨፍኜ የእያንዳንዱን ድምፅ እለያለሁ!»

«እንግዲያው ይጨፍኑ።»

«ምን አልሽ?»

«ወደ መስኮቱ ይዙሩ። እኔ እያነሣሁ እሞክራቸዋለሁ። ያወቁት ይቀራል፤ ያላወቁትን ጠግኜ ለትምህርት ቤቱ እወስዳለሁ። ልጆቹ በአንድ ቫዮሊን ወረፋ እየጠበቁ ነው የሚማሩት።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋተጉ። ውርርድ ድሮም ነፍሳቸው ነው። «እሺ! አንዲትም አትወጣም፤ ታያለሽ!»

ኤፊ የመጀመሪያውን መታች።

«የአባቴ!» አሉ ሳትጨርስ። «ቀጥይ!»

ሁለተኛው ተመታ። «እ... የጎረቤታችን የጉስ። አይደለም እንዴ?»

«አይደለም።»

«ድገሚው... በቃ፣ ቀጥይ።»

ቀጠለች። ሙርዶክ ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ዘመድ ጠሩ፣ ሙታንን ጠሩ፤ አንዱም አልሆነም። ባሕረኛው ወዳጃቸው ከተሰበረ ጀልባ እንጨት የሠራላቸው ሲመጣ ግን በደስታ ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ደግሞ መሳሳቱ ቀጠለ። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ድምፅ ስትሰማ አንገታቸውን ደፉ።

«ይቺ ያጨኋት ቀን ለኬቲ የተጫወትኩባት ናት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሦስት ብቻ! ሽማግሌው ዞረው ግድግዳውን ሲያዩ የእንግዳ ቤት መሰላቸው።

«ብሰጣቸው ቢቆጨኝስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይቆጭዎታል፤ አልዋሽዎትም። ግን አምና አዳራሹ ውስጥ ያዋረደዎት እጅዎ አይደለም። እጅዎ የሚያውቀው ቫዮሊን አጥቶ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ?»

ሙርዶክ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አውርጃቸው! ቶሎ በይ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ሦስቱ ከምድጃው ርቀው መኝታ ቤት ገቡ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሽማግሌው የአባታቸውን ቫዮሊን ከእጃቸው አላወረዱም፤ የትኛው ክር ቶሎ እንደሚላላ፣ የትኛው ትዕግሥት እንደሚሻ ጣታቸው መልሶ ተማረ።

በሠርጉ ዕለት ታዲያ የሆነውን ያየ ያውራው! ክሩ ንቅንቅ አላለም። ሺና ቬሏን ሰብስባ ጨፈረች፤ ሞራግ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ የአዳራሹ ወለል ከበሮ ሆነ። ሰው ዕቃው ሲያንስ ድኻ የሚሆን ይመስለዋል። ሙርዶክ ግን ግድግዳቸውን አራግፈው እጃቸውን፣ ስማቸውንና ሠርጋቸውን መልሰው አገኙ፤ ምድጃ ሲያደርቃቸው የኖሩት ቫዮሊኖችም የሚጫወት ሰው አገኙ።

ሽማግሌው ላባቸውን ሊጠርጉ ሲቀመጡ ተማሪዎቹ ተረከቡ፤ ኤፊ ለዕለቱ ያደረሰችላቸውን ቫዮሊኖች ይዘዋል። ሙርዶክ ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸውን እየመቱ ሲያዳምጡ ድንገት የኤፊን ክንድ ያዙ።

«በግራ በኩል ያለችው ልጅ የያዘችው! ያ የነብር ቆዳው ነው!»

ኤፊ ቀና ብላ አየች። እውነትም እሱ ነው። «ባዛሩ ላይ ታቅፈውት ያላወቁት?» አለች እየሳቀች።

«ያን ጊዜማ» አሉ ሙርዶክ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ማን ተጫውቶበት የድሮ ድምፁን ላውቀው!»