አርባ ደቂቃ ጭቃ ሥር

ውሃው ደስ ሲል እህቴ... አይ፣ ቀዝቃዛ አትጨምሪበት፣ እንዲሁ ይሁን። ሃያ ስምንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ እግር ነው፤ ተቀምጠህ ተዝናና ሲሉት ግራ ገብቶት ነው እንጂ አላቃጠለውም። ጣቶቹን አየሻቸው? ሳያጠና ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ተኮማትረዋል። ይፈታሉ፣ ቀስ እያሉ ይፈታሉ። የአስተማሪ ነገር፣ እግሩ ይደክማል እንጂ ምላሱ አይደክምም። ከደከምሽ ንገሪኝ።

እንዴት ያለ ቦታ ነው የምትሠሪው። ጠዋት መስኮት ብከፍት ላሞቹ ተሰልፈው ወደ መስክ ይሄዳሉ። የሚነዳቸው የለም፣ የሚጮህባቸው የለም። እኔ ስንት ትውልድ አሰልፌያለሁ፤ አንድ ቀን እንደዚያ አልሆነልኝም። ቁርስ ላይ ደግሞ እንቁላል መጣልኝ። ከሳህኑ አጠገብ ትንሽ ካርድ አለች። ባነባት፣ እንቁላሉን የጣለችው ቀይዋ ዶሮ ናት፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ይላል። አይቡ ከቦራዋ ላም፣ ማሩ ከወንዙ ማዶ ከሦስተኛው ቀፎ። ዳቦውን ማን እንዳቦካው ሳይቀር ተጽፏል። ሳነብ እንቁላሉ ቀዘቀዘብኝ። ግን አደነቅሁ። ዶሮዋ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች የሚመሰክር ቤት ማግኘት ቀላል ነው? ለሰውም እንዲህ ቢደረግ... እኔ እንጃ፣ ብዙ ነገር ይቀል ነበር።

ይሄ አጠገባችን የተጋደመው ሰውዬ ማን ነው?... ቆይ፣ አትንገሪኝ። ከፀጉሩ ሥር እስከ አገጩ በጭቃ ለስነሽው የወለደችው እናቱም አትለየው። እንግዳ ይሆናል። የቤቱ ጌታ "አብረን እንገባለን፣ አንተ እግርህን ትዘፈዝፋለህ፣ እኔ ፊቴን እቀባለሁ፣ የድሮውን እናወጋለን" ብሎኝ ነበር። ልብሴን ቀይሬ ስመለስ እሱ የለም፣ እኚህ ጭቃ ሰውዬ አሉ። ሥራ ይዞት ነው። ነጠላ ጫማው ብቻ የቤቱን ጌታ ጫማ ይመስላል... ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምትሰጡን፣ አይደል?

ቅድም ስትቀቢው ምን አልሽው? "አርባ ደቂቃ እንዳይናገሩ፣ ከተናገሩ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ነው የምንጀምረው" አይደል ያልሽው? ሰምቼሻለሁ። ወሬ አለ በተባለበት ሰዓት መናገር የማይቻልበትን ሕክምና መምረጥ... ትልቅ ብልኀት ነው። እኔ ግን እግሬን ነው የሰጠሁሽ፤ አፌ ነጻ ነው። ጭቃ ሹም ብዬ ብጠራሽ ትቆጪያለሽ? ሳቅሽ፣ እንግዲያው ተሹመሻል።

በሩ ላይ የተለጠፈውን አይቻለሁ፤ "የዝምታ ቤት" ይላል። ሰው ከስንት አገር ዝም ለማለት ይመጣል አሉ። እኔን አልገረመኝም። ዝምታ ሙያ መሆኑን ገና በወጣትነቴ ነው የተረዳሁት። አንድ ጓደኛ ነበረኝ... ስሙን አልጠራም፤ ስም ከጠሩ ሐሜት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ላመሰግነው ነው።

አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ሁለታችንም የእርሻ ትምህርት ተማሪዎች ነን። ሰው አያማም፣ አይሳደብም። በሰው ላይ ክፉ ሲናገር አንድ ቀን አልሰማሁትም። ለሰው ደግ ሲናገርም አልሰማሁትም። ሚዛኑን የጠበቀ ሰው ማለት እሱ ነው። በትምህርትም ቢሆን ጎበዝ ነበር፤ ከኔ ቀጥሎ ማንም አይቀድመው። ከኔ ቀጥሎ ማለቴ... በወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል ነው እንጂ ጉራ አይደለም።

አንደኛ የወጣው እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መምህር ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ዕቃውን ሸክፎ የተመደበበት ይሄዳል። ወንበሩ አንድ ነው፣ እኛ ሁለት ነን። ታዲያ ተጣላን መሰለሽ? ኧረ ምን በወጣን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኛም ስንሳሳቅ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ሊሰጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የፈተናው ወረቀት ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ጠፋ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። አንዲት ጸሐፊ "ረጅም ቀጭን ልጅ በኮሪደሩ ሲያልፍ ከጀርባው አይቻለሁ" አለች። ረጅም ቀጭን እኔ ነበርኩ... ምን ያስቅሻል? ያኔ ነው። ያኔ ሱሪዬ በቀበቶ ሳይሆን በጸሎት ነበር የሚቆመው።

እኔ ግን ያን ሐሙስ ኮሪደር ቀርቶ ደጃፍ አላየሁም። ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ። አጠገቤ ማን ነበር? ጓደኛዬ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨርቅ በውሃ እየነከረ፣ እየጨመቀ፣ ግንባሬ ላይ ያደርጋል። ሲሞቅ ያነሳል፣ ይነክራል፣ ይመልሳል። እጁ ለስላሳ ነው። ዛሬ ሰው ገላውን የሚታጠብበት፣ የሚታሽበት፣ የሚዝናናበት ቤት ቢከፍት ማን ይደንቀዋል? የመጀመሪያው እንግዳ እኔ ነኝ። ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሰውዬው ግንባሩ ላይ ተሰነጠቀ ልበል? እስኪ እዪው... ቀጭን ነው፣ እንደ ፀጉር። ውሃ ነካ ነካ አድርጊበት። እንዲያው ጨርቅ ነክረሽ ግንባሩ ላይ ብታደርጊለት አይሻልም? ተይው፣ ትዝታ ያመጣ ይሆናል። እንደኔ ታሞ የሚያውቅ እንደሆነ ማለቴ ነው።

የት ነበርኩ? አዎ። ኮሚቴ ተቀመጠ። አምስት ሰው፣ ረጅም ጠረጴዛ። ሰብሳቢው ጓደኛዬን አስጠሩትና "ሐሙስ ከሰዓት ከእሱ ጋር ነበርክ ወይ?" አሉት። ቀላል ጥያቄ ናት። እኔ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አልሰጣትም፣ በጣም ትቀላለች። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ደገሙለት። መስኮቱን አየ። ሦስተኛ ጠየቁት። እኔ በዓይኔ አፈር ስሆን አልኩት፤ አንዲት ቃል፣ አዎ በላቸው። መስኮት። ከስብሰባው ስወጣ በዚያ መስኮት ምን እንደሚታይ ሄጄ አየሁ። አንድ የዛገ የውሃ ታንከር ነው። ታንከር እንዴት ቢያምረው ነው ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ልብ በይ እህቴ፣ አልዋሸም። አንድም ሐሰት ከአፉ አልወጣም። ፈተናውንም አልሰረቀም። ምንም አላደረገም... ምንም። ብዙ ሰው ሌላውን ለመጣል ስንት ይለፋል፣ ይሮጣል፣ ይፈርማል፣ ይመሰክራል። እሱ ተቀምጦ ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምተሻል? እውነት ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አልነቀዘም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እሱም እውነት ነው። ወርቁ ለማን እንደሚደርስ ነው ተረቱ ሳይናገር ያለፈው።

እኔ አንድ ዓመት ታገድኩ። ስመለስ ወንበሩ ባለቤት አግኝቶ ነበር። ማን ያግኘው ታዲያ? አንደኛው ሲነሳ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፤ ሒሳብ ነው። ከዚያ መምህር ሆነ፣ ውጭ ተማረ፣ ተመለሰ፣ መሬት ያዘ፣ አለማ። አበጀ። እኔም ክፉ አልገጠመኝም፤ መስኮታቸው መስታወት የሌለው ክፍሎች ውስጥ ስለ ዘርና ስለ አፈር አስተማርኩ። እናቴ ለምርቃቴ ብላ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝታልኝ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ብለካው እግሬ አልገባበት አለ፤ ኮሪደር ለኮሪደር ስመላለስ ጊዜ ሰፍቷል። ታናሽ ወንድሜ ተዳረበት። አማረበትም። እናቴ ሠርጉ ላይ ዓይኗን ከሙሽራው አንስታ ወደ ጫማው፣ ከጫማው ወደ እኔ... ተይው፣ ይሄ እንኳ የሚያስቅ አይደለም። አዎ፣ ይሄን እግር ነው የያዝሽው። ተረከዙን ትንሽ ጠንከር አድርጊው።

ጎረቤታችን ከዓይኑ ሥር ረጥቧል። እዚያ ጋር ጭቃው አልደረቀም ማለት ነው? ቀጭን ያደረግሽበት ቦታ ይሆናል። ዓይን ዙሪያ እንዳይበዛ ብለሽ ነው።

ያ በማሰሮ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጨው? ለመታሻ?... ለእግርና ለጀርባ ብቻ ነው ወይስ ዓይንም ይታጠቡበታል? እንዲያው ጠየቅሁ። ዓይኑን በጨው የሚታጠብ ሰው አይጠፋም፤ ግን እሱ እዚህ ድረስ አይደክምም፣ በየቤቱ ነው የሚታጠበው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ይሄ ተረት የወጋን ሰው በከንቱ ማማት ነው። የወጋም አይረሳም። ይኸው ጓደኛዬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አስታውሶኝ "ና፣ ሦስት ቀን እረፍ፣ ተዝናና" ብሎ ጠራኝ። ክፍሌ ስገባ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራች ዳክዬ ተቀምጣለች። አንቺ ነሽ የምትሠሪያት? እጅሽ ይባረክ። ላንቀሳቅሳት ብዬ ክንፏን ባነሳ ከሥሯ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አገኘሁ። እንቁላል መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ኋላ ራት ላይ ነገረኝ፤ ፊቱን ሾርባው ላይ አድርጎ። ለካ የድሮው ዩኒቨርሲቲያችን ሊሸልመው ነው። "በሥነ ምግባሩ አርአያ የሆነ የቀድሞ ተማሪ" ብሎ። ሲገባው ነው። ደንቡ ታዲያ በተማሪነቱ ዘመን በቅርብ የሚያውቀው ሰው ስለ ጠባዩ አንድ ገጽ እንዲጽፍለት ይጠይቃል። አብሮት የኖረ ደግሞ ከኔ ሌላ የለም። ያለኔ ገጽ ሽልማቱ የለም። "የምታውቀውን ጻፍልኝ" አለኝ። ይሄን ሲል ድምፁ... ልማድ የለውማ፣ ከአፉ ቃል ማውጣት እንዴት እንደሚከብደው አየሁለት።

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ልትከለክዪው ነው? እኔም ለአንድ አፍታ አሰብኩ፤ ዝም ልበለው አልኩ። ግን የሰው ሙያ መንጠቅ ደስ አይልም። ደግሞስ ሰው በጠየቀሽ ጊዜ ዝም ማለት ምን ይባላል? እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ጻፍኩለት። ከልቤ ነው የጻፍኩለት፤ ውሸት የለበትም፣ ክፉ ቃል የለበትም። በቃሌ ልበልልሽ?

"ይህ ሰው ርኅሩኅ ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ የፈተናው ወረቀት በጠፋበት ሐሙስ፣ እኔ በትኩሳት ተኝቼ ሳለሁ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲያደርግልኝ ዋለ። ለአንዲት ደቂቃ ከአጠገቤ አልተለየም። አልጋዬን ለቅቄ አለመውጣቴን ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህን ደግነቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ትሑት ነውና።"

ቀኑንና ወሩን አስገብቻለሁ። ከዚህ ቤት ነው የተማርኩት፤ ከቀይዋ ዶሮ።

አያምርም? ደብዳቤው መድረክ ላይ ይነበባል አለኝ፤ ከዚያ ተሸላሚው ተነስቶ በተነበበው ላይ አንድ ሁለት ቃል ይናገራል። ያኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት ሰውዬ አርጅተዋል፣ ግን ጆሯቸው ደህና ነው አሉ፤ የክብር እንግዳ ሆነው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እውነት ነው፣ አብሬው ነበርኩ ካለ፣ ሽማግሌው ለጥያቄያቸው መልስ ያገኛሉ፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቀውታል። የለም፣ አልነበርኩም ካለ፣ ያ ሁሉ ርኅራኄ ከንቱ ቀረ። ዝም ካለ ደግሞ... አዳራሹ መስኮት እንዳለው እንጃ።

ኧረ፣ ሰውዬው አፉ አካባቢ ተሰነጠቀ። ሰፊ ነው ይሄኛውስ። ሊናገር ነው መሰለኝ... አይናገር፣ ገና ደቂቃው አልሞላም፤ የለፋሽበት ሁሉ ይበላሻል። ጨምሪበት፣ እዚያ ከከንፈሩ ላይ ወፈር አድርጊ። እንደዚያ። አየሽ፣ ሲዘጋ እንዴት ያምርበታል። ምናልባት ስለ ደብዳቤው ሊጠይቀኝ ፈልጎ ከሆነ አትጨነቅ በይው፤ ሾፌሩ ቁርስ ላይ ወስዶታል። ከተማ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ እስካሁን ደርሶ ተፈርሞበታል።

እግሬን አድርቂልኝ እንግዲህ። እይ፣ ጣቶቼ ተፈቱ። አላልኩሽም? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ የነበሩት ፍል ውሃ ስላላዩ ነው። እንደዛሬ ቀልሎኝ አያውቅም። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ።

ለጓደኛዬም ቂም የለኝም፤ መርቄው ነው የምሄደው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ላሞቹ ይርቡ፣ ቀፎው አይንጠፍ፣ ምንጩ አይድረቅ፣ ደጁ እንግዳ አይጣ። እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ጉሮሮው በደረቀ ጊዜ፣ ዓይኑን አንስቶ አዎ የሚልለት ሰው በፈለገ ጊዜ፣ ፈጣሪ ልክ እንደ ራሱ ያለ ጓደኛ አያሳጣው።