ልጄን እንደ በሬ ያባበልኩ ዕለት

የስድስት ወሯ ልጄ እኔን ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር። አልፈርድባትም፤ ፊቴ አይፈታም፣ ንግግሬም በቁጥር ነው። አንድ ቅዳሜ ሚስቴ ገብስ ጭና ደባርቅ ገበያ ስትወርድ "ዝም አትበላት፣ አናግራት" ብላ ትታልኝ ሄደች። ልጅቷ ወዲያው ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔ እሹሩሩ አላውቅም። ረዘም አድርጌ የማናግረው በሬዬን ቦራን ብቻ ነው። ቢቸግረኝ አቅፌያት "አይዞህ ቦራ፣ ሳብ የኔ አንበሳ" እያልኩ ከምድጃው እስከ መደቡ ተመላለስኩ። ዝም አለች። ጥግ ደርሼ "ዙር" ስላት ደግሞ ሳቀች። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ አገር ያየውን እኔ ያየሁት ገና ያኔ ነው።

ቀና ስል የነፍስ አባታችን ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"ስንት ጥማድ አረስህ?" አሉኝ።

"እያባበልኳት ነው፣ አባ" ብዬ አፍሬ ቆምኩ። እሷም ወዲያው ከንፈሯን ጣለች።

"አትቁም እንጂ፣ ማሳው መች አለቀ" አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

በሰው ፊት ተጫውቼ አላውቅም። እነዚያን ጥርሶች ግን አንዴ ልያቸው አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና አባን ሳላይ "ዙር ቦራ" አልኳት።