ቢኤስዲ፣ ሊኑክስና የየኔታ ድምፅ

«ቀንድ አለው፣ ጅራት አለው፣ መንሽ ይዟል። ሸራ ጫማ ሁሉ ተጫምቷል። ሌላ ምን ልበለው?» አሉኝ ጎረቤቴ እትዬ የትነበርሽ፣ የጠበል ጆግ እንደያዙ በራቸው ላይ።

ክፉ ሕልም ያዩ መስሎኝ ላጽናናቸው ስል ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። ቀንዳሙ የልጅ ልጃቸው የወንጌላዊት ላፕቶፕ ላይ ቆሟል።

«የቢኤስዲ ምልክት ነው፣ እማማ፤ ላፕቶፑን የሚያሠራው ፕሮግራም» አለች ልጅቱ ላፕቶፑን አቅፋ። ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች ናት፤ ሥራ ግን አላገኘችም።

«በመሪጌታ ቤት ሌላ ሥዕል ጠፋ?» አልኳት፣ ጆጉን ከእትዬ እጅ እየተቀበልሁ።

ባለቤታቸው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ የሰፈሩ የኔታ፣ ከመደቡ ላይ ፈገግ አሉ። መሳቅ ያማቸዋል። ጉሮሯቸው አብጦ፣ ሐኪሙ ድምፅዎ አይቆይም ብሏቸዋል። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ደቀ መዛሙርታቸው ተበትነው፣ ዜማቸውን የሚቀበላቸው አልቀረም። ዜማው ሳይጠፋ እንዲቀረጽ ታስቦ፣ ስልክ ደካማ ድምፃቸውን አልይዝ ስላለ ወንጌላዊት ደህና ማይክሮፎን ተውሳለች፤ ላፕቶፑ ግን ማይክሮፎኑን አላውቅም ካለ ሰነበተ።

«በሱ ፈንታ እንደኔ ሊኑክስ ጫኚና ተገላገይ» አልኳት። ፒያሳ ባለችው የጽሕፈት ሱቄ ከዚያ ሌላ አላውቅም።

«ሊኑክስ እኮ ጋሼ ዋኘው፣ ልቡን አንዱ፣ ዕቃውን ሌላው ሠርቶት፣ ሦስተኛው አገጣጥሞ የሚሰጥዎ ነው። ቢኤስዲ ከሥር እስከ ላይ ባንድ ቤት የተሠራ ነው፤ መመሪያውም አብሮት ይመጣል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እርስዎ ማንን ይጠይቃሉ?»

«ማንንም። ሲኖርም አሥር መልስ አገኛለሁ፤ ዘጠኙ ለሌላ ሰው ሊኑክስ ነው። ግን ብዙ ሰው ስለሚሠራበት፣ ማይክሮፎኑንም ፕሪንተሩንም ቀድሞ የተቸገረልሽ አለ። በቢኤስዲ የተቸገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ባለፈው እሑድም ትንሽ ነበር የቀረሽ።»

የኔታ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እኔም ባንድ መምህር ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ክርክርሽን እወደዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ብቻ አንቺ ቤቱን ስታሳምሪ እኔ ደጅ ቀረሁ።»

ወንጌላዊት አቀረቀረች። ከዚያ እጇን ወደኔ ዘረጋች፤ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ሊኑክስ ተጭኖ ማይክሮፎኑ ገና ሲሰካ ታወቀ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ልምከርህ። ለዕለት ሥራ ሊኑክስን ያዝ፤ በነፃ ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕ አይንቅም፣ የሰካህበትን ዕቃ አብዛኛውን ያውቃል። ቢኤስዲን ጊዜ ያለህ ዕለት አጥናው፣ ሸጋ ትምህርት ነው። ጊዜ ካለህ ነው ታዲያ።

የኔታ ተደግፈው ተቀመጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ዜማው አልወጣም። ደግመው ሞከሩ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መስመር ጥቂት ተርገብግቦ ተኛ። እትዬ የትነበርሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይሠራል እኮ፣ አባባ» አለች ወንጌላዊት መስመሩን በጣቷ እየጠቆመች። «ይኸው፣ ትንፋሽዎን እንኳ ይዞታል።»

«እሱስ ሸጋ ነው» አሉ የኔታ በሹክሹክታ። «አሁን ደግሞ ለኔ ጉሮሮ የሚሆን ሊኑክስ ፈልጊ።»