ሞተሩና መቅዘፊያው

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ረፋድ ላይ። ባንቲሁን ያገለገለ የጀልባ ሞተር ሊሸጥ ከጀልባው ኋላ አስሮታል፤ የሻረግ ከደቅ ደሴት ዕድሯ ልኳት የመጣች መበለት ናት።)

የሻረግ፦ እስቲ እጅህን አንሳልኝ። የምትሸጠው ሞተሩን ነው ወይስ ቀለሙን?

ባንቲሁን፦ ቀለሙ ለክብርዎ ነው፣ እትዬ። ከደቅ ሰው እየመጣ ነው ሲሉኝ አሳመርኩት።

የሻረግ፦ ገና አልደረቀም፣ ጣቴ ላይ ወጣ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንድባል ነው የጠበቅኸኝ።

ባንቲሁን፦ ለመሆኑ ደቅ ላይ ወንድ ጠፍቶ ነው ሴት ለሞተር የምትላከው?

የሻረግ፦ አምና ወንዶቹን ልከን ነበር። ሦስት ሆነው ሄዱ፣ አንድ ሞተር ገዝተው ተመለሱ። ዛሬ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበታለች። ዘንድሮ ዕድሩ "ስትሰማ የኖረችው ትሂድ" አለ።

ባንቲሁን፦ ምን ሲሰሙ ኖረው?

የሻረግ፦ ሞተር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስምንት ዓመት ከደቅ ጎርጎራ ጀልባ ነድቷል። ጭኖ ይሁን ባዶውን እንደሚመጣ ደጄ ቁጭ ብዬ በድምፁ እለይ ነበር።

ባንቲሁን፦ እንግዲያው ይስሙ። ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምስበው። ይኸው፣ ተነሳ። አንበሳ ነው።

የሻረግ፦ አንበሳ እንዲህ ቁና ቁና አይተነፍስም። ደግሞ ገመዱን ሳትስብ አናቱን ነክቼው ነበር፣ ይሞቃል።

ባንቲሁን፦ ፀሐይ ነዋ።

የሻረግ፦ የቱ ፀሐይ? ከነጋ ደመና ነው። እኔ እስክመጣ ስታስነሳው ስታጠፋው ነው ያረፈድከው። ሲበርድ እምቢ ስለሚልህ አሙቀህ ጠበቅኸኝ።

ባንቲሁን፦ ቢበርድስ ምን አለበት፣ ሦስት አራቴ መሳብ ነው። ዕድሜው ነው፤ ሲያልቅ አያምር ይባል የለ።

የሻረግ፦ አሁን ደግሞ ዕድሜ አገኘ? በላክኸው ቃል ሁለት ክረምት ብቻ የሠራ ነበር። ሽንቱስ የታለ?

ባንቲሁን፦ የምን ሽንት?

የሻረግ፦ አንተም ሞተር ሻጭ ነኝ ትላለህ። ውሃ ስቦ ራሱን አቀዝቅዞ በጎኑ የሚያፈሰው ነዋ። ባሌ "ያልሸና ሞተር ታሟል" ይል ነበር። ይሄው ሲጮህ ቆየ፣ ጠብ አላለለትም።

ባንቲሁን፦ እንቦጭ ደፍኖት ይሆናል። ሐይቁን ሁሉ ወርሶት የለ?

የሻረግ፦ ምስኪን እንቦጭ። የስንቱን ጥፋት ተሸክሞ፣ ያንተንም ውሸት ጨመሩበት።

ባንቲሁን፦ ኧረ እየተከባበርን፣ እትዬ። እንጀራዬን አያጣጥሉብኝ። ይሄ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ አንድ ቀን ጥሎኝ አያውቅም። እናቴን እላለሁ።

የሻረግ፦ እናትህን ተዋት። ያንን መቅዘፊያ አቀብለኝ።

ባንቲሁን፦ እሱ ምን ያደርግልዎታል? መቅዘፊያውን አልሸጥም።

የሻረግ፦ እንዴት ትሸጠዋለህ፣ ያኖረህ እሱ ነው። እጀታውን እየው፣ በመዳፍ ተፈትጎ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ ያብለጨልጫል። ሞተሩ ጥሎህ ካላወቀ ይሄን ሁሉ ማን ቀዘፈው?

ባንቲሁን፦ ዳር ሲደረስ... ለመጠጋት ይቀዘፋል።

የሻረግ፦ ለመጠጋት ብቻ እንጨት እንዲህ አይሳሳም። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይላሉ፤ እኔም አያያዝህን አየሁት።

ባንቲሁን፦ ካልፈለጉ ይተዉት። ገዢ ሞልቷል። ታንኳ የለመደ ሰው የሞተር ነገር ምን ይገባዋል።

የሻረግ፦ ታንኳ እንኳ ታንኳ ነኝ ብሎ ነው የሚያሻግርህ። አምና የእኅቴን ልጅ ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት በታንኳ ወጣን። መንገድ ላይ ነፋስ ተነሳብን። አልደረስንም፣ እሷም ልጁም ቀሩ። ወንዶቹ ሞተር ይዘውልን የመጡት ከአርባዋ በኋላ ነው፣ እሱም ምን እንደሆነ ነግሬሃለሁ። አሁን ወራቸው የገባ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉን።

ባንቲሁን፦ እግዜር ያጽናችሁ። አላወቅሁም ነበር። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ግን... ይሄ ይበቃችኋል። እኔን ይመኑኝ።

የሻረግ፦ ልመንህ? በል ተነስና ደቅ ድረስ አንተው ንዳኝ። ስንደርስ ያልከውን ዋጋ ሳልከራከር እሰጥሃለሁ፣ ምሳህንም በልተህ ትመለሳለህ። መቅዘፊያው ግን እዚህ ይቀራል።

ባንቲሁን፦ ያለ መቅዘፊያ?

የሻረግ፦ አንድ ቀን ጥሎህ የማያውቅ ሞተር አይደል?

ባንቲሁን፦ እትዬ የሻረግ... እውነቱን ልንገርዎ። እኔ ዋና አልችልም።

የሻረግ፦ ምጥ የያዛትም ሴት አትችልም።