የአቶ አረጋ ባለ ደርብ ቤት

ክረምቱ እንደወጣ አሸተን ማርያምን ተሳልሜ ወደ ላሊበላ ስወርድ፣ አቶ አረጋን ከክቡ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። የክዳኑ ሣር ወርዶ ከግድግዳው ሥር ተከምሯል። አጠገባቸው የቆመችው የወንድማቸው ልጅ ፀደይ ናት፤ አውሮፓ የከተማ ፕላን ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ረጋ ያለች ልጅ።

«መምህር፣ እንኳን መጡ» አሉኝ። «ይችን ልጅ ይምከሩልኝ። ቤቴን ላፍርስ ብል መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ።»

«ለምን ያፈርሱታል?»

«ገለቴን የገደለብኝ እሱ ነዋ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ገለቴ ያረፉት በሐምሌ ነው። መስኮት በሌለው ምድር ቤት እንጨት እያነደዱ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ በመጨረሻ ሳንባቸው እምቢ አለ።

«ሳሏ እስካሁን ይሰማኛል» አሉ ሽማግሌው። «ይህን ንጄ በብሎኬት እሠራለሁ፣ ቆርቆሮ አለብሳለሁ። እያየሁት መኖር አልችልም።»

ፀደይ አክስቷን ትወዳቸው ስለነበር ቃሏን እየመረጠች ተናገረች።

«አጎቴ፣ ቅር አይበልዎት። አክስቴን የጎዳቸው ድንጋዩ አይደለም። መውጫ ያጣው ጭስና ከግድግዳው ሥር የሚተኛው ውኃ ነው። ብሎኬት ቤት ውስጥም መስኮት ሳይኖር ቢነድ ያው ነው።»

«ፈረንጅ አገር ተምረሽ መጥተሽ አሮጌ ጠብቁ ትይኛለሽ?»

«እነሱም አፍርሰው ነው የተማሩት። እኔ በነበርኩበት ከተማ አንድ አሮጌ ሰፈር ነበር። ጠባብ ነው፣ እርጥብ ነው ብለው ግማሹን ናዱት፤ ሰዉን ከከተማው ዳር ፎቅ ላይ አሰፈሩት። ውኃና መብራት አገኘ፣ ጎረቤቱን ግን አጣ። ከዚያ የተነሡ አንዲት አሮጊት፣ ‹በፊት በመስኮት እንጠራራ ነበር፤ እዚህ እህቴ ሞታ ያወቀ ሰው የለም› ብለው አልቅሰውብኛል። የቀረውን ግማሽ ኋላ ጠገኑት። ግድግዳውን ሳይነኩ ውኃ አስገቡ፣ መስኮት አሰፉ፣ ብርድ እንዳይገባ ክዳኑን ደፈኑ፣ መንገዱን ለእግረኛ ለቀው ዛፍ ተከሉ። ሰዉ ሳይበተን ኑሮው ተሻሻለ።»

አቶ አረጋ አንገታቸውን ደፉ። ምን ትዝ እንዳላቸው አውቃለሁ። አብዛኞቹ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ፈርሶ ራቅ ብለው ከሰፈሩ ቆይተዋል፤ በወይዘሮ ገለቴ ቀብር ዕለት ጎርፉ መንገድ ስለዘጋባቸው አልደረሱም። አስከሬኑን ያነሡት ከብልባላ ለገበያ የመጡ የማያውቋቸው ሰዎች ነበሩ።

«ብሎኬቱስ ምን ይወጣለታል?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ቆርቆሮ ለብሶ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሲሚንቶውም ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣ። ድንጋዩ ግን እዚሁ ነው፣ ጠራቢውም የአገር ልጅ። የጎደለው መስኮት፣ የጭስ ማውጫ፣ የውኃ ቦይና መጸዳጃ ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይህን ቀድመን ብናደርግ ትኖር ነበር?»

«አላውቅም፣ አጎቴ» አለች ፀደይ። «ሳሉ ግን ይቀልላቸው ነበር።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሰው ልማዱን በክርክር ብቻ አይተውም፤ ልማዱ ያስከፈለውን ሲያይ ነው የሚተው። ማየቱ ደግሞ ያማል።

ኋላ ጋቢያቸውን ገልጠው፣ «በይ መስኮቱ የሚከፈትበትን አሳዪኝ» አሉ።

ጥገናው በበጋው ተሠራ። ዛሬ ጭሱ በማውጫው ይወጣል፣ ዝናቡ በቦዩ ይሄዳል፣ ምድር ቤቱ ደረቅና ብሩህ ሆኗል፤ ውኃም ግቢ ድረስ ገብቷል። ግድግዳው አባቶች እንደካቡት ነው።

ባለፈው ሰሞን ከቀሩት ጎረቤቶቻቸው አንዷ አመተ ጊዮርጊስ፣ ቤቷን ልታፈርስ መሆኗን ለመንገር መጣች። ሕፃን አዝላለች፤ ሕፃኑ ይስላል። አቶ አረጋ ሳሉን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አታፍርሺው፣ መስኮት ክፈችለት» አሏት። «እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ ገለቴ አልደረሰችበትም። ላንቺ ልጅ ግን ገና ነው። ነይ፣ ግቢና እይው።»