የቀረ ሁሉ በስሟ

እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ የካፖርትዎን ቁልፍ እስክተክል ነው። የድሮ ጨርቅ እኮ ጠንካራ ነው፣ የዛሬው እንዲህ አይበረክትም... መጋረጃውን አይዩት። ደንበኛ ናት፣ ለሽልማት ምሽት የሰፋሁላትን ቀሚስ እየለካች ነው። ጨዋታችን እሷን አይመለከታትም።

ያቺን የፊልም ተዋናይ ያውቋት የለ? እንዴት ያለች ባለሙያ! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ካሜራ ካለማ ጭራሽ ይትረፈረፋል። እናቷንም አውቃታለሁ... እኔንም ወልዳኛለች።

መጀመሪያ ስሟ የቀሚስ ስም ነበር። ሴቱ ሁሉ እዚህ መጥቶ ስሟን ይጠራና "እሱን ስፊልኝ" ይለኛል፤ ወገቡ ጠበብ፣ ጀርባው ገለጥ ያለ ማለት ነው። ኋላ ሰፈሩ ቃሉን አሳደገው። እሷ በስልክ "መጣሁ እማዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ስትል፣ እማዬ ለባብሳ መስኮት ስር ስትቀመጥ፣ ሲመሽ ልብሷን ስትቀይር... ጎረቤት ዓይን የለውም? ይኸው አሁን አውቶቡስ ሲቀር መቅረቱ የሚነገረው በስሟ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው "ነገ እመጣለሁ" ካለ "ብቻ እሷን እንዳትሆንብን" ይሉታል። "እሷን" ያልኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ ስሟን ነው የሚሉት። ፊልሟን ያላዩ ልጆች እንኳ እንደ ግስ ያረቡታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሷ መች መቃብር ጠበቀ? ታድላ!

ትርጉሙን ያልሰማች እማዬ ብቻ ናት። ሰሞኑን ከአልጋ አልወረደችም። ትናንት ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ ደጃፋችን ላይ "ዛሬም ውሃው..." ብላ ያንን ቃል አከለችበት። እማዬ የሰማችው ስሙን ነው። ከአልጋዋ ወርዳ ግድግዳ ተደግፋ ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ "መጣች?" አለች። የቀረው ውሃው ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል እትዬ? እኔ አልቻልኩም። "እየመጣች ነው" ብዬ አስተኛኋት።

የእማዬ ቤት እኮ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው። ግን ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ ውጭ የቆመው መኪና ሞተሩ አልጠፋም፣ አዲስ ቀሚስም መሬት ለመሬት ሲጎተት ይቆሽሻል... አይፈረድባትም።

በሉ፣ ቁልፉ ተተከለ። ይልበሱት፣ ያምርብዎታል። ያቺን ልጅ ግን ከልቤ ነው የምመርቃት። ዕድሜና ጤና ይስጣት። በስተርጅናዋም የምትጦራት፣ በመልክም በጠባይም ቁርጥ እሷን የምትመስል ሴት ልጅ ይስጣት... አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።