የታሸገው ሪፖርት እና የበሩ ገመድ

በመላው ኮልፌ እንደ እኔ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው አልተወለደም። ይኸው ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በታክሲ ስመጣ የሰማሁትን ላወራችሁ ነው። ከኋላዬ አንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ለዳይሬክተራቸው የሚያደርሱትን የታሸገ የኮምፒውተር ፍተሻ ሪፖርት ታቅፈው አጠገባቸው የተቀመጠችውን የሰፈራቸውን ልጅ ይጠይቃሉ። ሥራዋ የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር በፈቃድ ሰርጎ በመግባት መፈተሽ ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«መጀመሪያ ለአለቃ የሚሆን አጭር ማጠቃለያ አለ ጋሼ። ከዚያ የተገኙት ቀዳዳዎች ከአደገኛው ጀምሮ፤ በየት እንደገቡ፣ እንዴት እንደሚደፈን።»

«በየት እንደገቡማ አውቃለሁ። አንዱ ፕሪንተር ልጠግን ብሎ መጣ። ምሳ ሰዓት ስለነበር እንብላ አልኩት።»

«በላ?»

«አጎረስኩት እንጂ! ኮምፒውተሬን ከፍቼለት እጄን ልታጠብ ወጣሁ።»

«ውይ ጋሼ!»

«ድሮ የግቢያችን በር ገመድ ሲሳብ ነበር የሚከፈተው። ዝናብ ሲመጣ እናትሽ ስባ ትገባና የተሰጣ ልብሳችንን ታነሳልን ነበር። ማን ሰርገሽ ገባሽ አላት? አሁን እንግዳ በማብላቴ ልባረር ነው?»

«ስምዎ አይጻፍም፤ ‹ሠራተኛው የመጣውን ሰው ማንነት ሳያጣራ አስገባ› ነው የሚለው። ቀዳዳው ሲደፈን ደግሞ ተመልሰው ይፈትሻሉ።»

«ያው ልጅ ነው የሚመጣው?»

«ምናልባት።»

«እንግዲያው መታወቂያውን አይቼ አጎርሰዋለሁ።»

እኔም ስልኬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት፤ የይለፍ ቃሉን እንዳልረሳው በወረቀት ጽፌ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።